ያላደረ ዓሣ በእንስላል

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ወጥ ቤት ገቡ የሚለው ወሬ ዓባይ ማዶን ለማዳረስ ሦስት ቀን አልፈጀበትም። አርባ ዓመት ሙሉ ማሕሌት የመሩ፣ ጥምጥማቸው ከሩቅ የሚለይ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ቢላ ይዘው ሽንኩርት ሲከትፉ ታዩ ከተባለ ማን ዝም ይላል? ወሬው ዱርቤቴ ድረስ ዘለቀ፤ ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ የብርጓልም በማግሥቱ ከች አሉ።

«ጥዑሜ፣ ምን ነካህ?» አሉ ገና ከበሩ። «ሚስትህ ካረፈች ስድስት ዓመቷ፤ አንድ ቀን ምድጃ አጠገብ አልታየህም። ዛሬ ምን መጣ?»

«ረኀብ መጣ፣ እታለም» አሉ መሪጌታ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳይነቅሉ። «ልጄ ራባት።»

«ልጄ» ያሏት የወንድ ልጃቸውን ሚስት ሔራንን ነው። ሔራን የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች። የመስኖ መሐንዲሱን ኪዳነ ወልድን አግብታ ወደዚህ ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ግማሹን ጊዜ ያሳለፈችው ሰውነቷን ስታክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በበላች ቁጥር ፊቷ ይቀላል፣ አንገቷ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ልቧ ያለ ምክንያት ይደልቃል። የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጡንም፣ አይቡንም፣ ጠላውንም እንደ ሰው ቀማምሳ ውላ ማታ ከንፈሯ አብጦ ሐኪም ቤት ተወሰደች።

ሐኪሙ ብዙ ጠየቃት፣ ደሟንም አስመረመረ፣ በመጨረሻ አንድ ወረቀት ሰጣት። ምግብ ሲቦካና ሲያድር ሂስታሚን የሚባል ነገር ይበዛበታል፤ ያንቺ ሰውነት ይህን ማስወገድ ሳያቅተው አይቀርም፤ ለስድስት ሳምንት ራቂውና እንየው አላት። ሔራን ወረቀቱን አነበበችው። የቦካ እንጀራ የለም። ጠላ የለም። በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ሽሮ፣ አይብ፣ የሰነበተ ቅቤ የለም። ያደረ ወጥ፣ ያደረ ሥጋ፣ ያደረ ዓሣማ ጭራሽ አይታሰብም። አንብባ ስትጨርስ ሳቀች። ከሐበሻ ጓዳ ይህ ሁሉ ወጥቶ የሚቀረው ውኃና ጨው ነው።

ሳቁ ሁለት ቀን አልቆየም። አባትና ልጅ ሳሎን ከአንድ ትሪ ሲበሉ እሷ ጓዳ ቁጭ ብላ የተቀቀለ ድንች ትውጣለች። ሽፍታው እየጠፋ ነው፣ እንቅልፏም ተመልሷል፤ ሆዷ ግን ይባባል። ሰው ከሰው ተነጥሎ መብላት እንዲህ የሚያስለቅስ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር። እናቷ ወይዘሮ ወንጌላዊት ከሐዋሳ በየቀኑ ይደውላሉ።

«ዝውውር ጠይቂና ነይ ቤትሽ። ለዕርገት እመጣለሁ፤ እስከዚያ ሰው ካልሆንሽ ይዤሽ ነው የምመለሰው። ኪዲም ከወደደሽ ተከትሎሽ ይመጣል።»

ኪዲ እንደማይከተላት ሔራን ታውቃለች። የጀመረው ግድብ አለ፤ አባቱንም ብቻቸውን ጥሎ የሚሄድ ልጅ አይደለም። እሷም መሄድ አትፈልግም። ባሏን ትወዳለች፣ ተማሪዎቿን ትወዳለች። ግን አብሮ መብላት የሌለበት ትዳር ስንት ዓመት ይዘልቃል?

መሪጌታ ይህን ሁሉ ሰምተው እንዳልሰማ ያለፉ መስሏት ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ጓዳ ድረስ መጥተው አጠገቧ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ያን ወረቀት አንብቢልኝ። የማይበላውን ተይው፤ የሚበላውን።»

አነበበችላቸው። ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ሽንኩርት፣ ያልቦካ ቂጣ፣ ከውኃ እንደ ወጣ የበሰለ ዓሣ፣ እንስላል…

«እንስላል ይፈቀዳል?» አሉ ቀና ብለው።

«ይፈቀዳል። ግን መድኃኒት ነው ብለው እንዳያስቡ፣ አባባ። ለጣዕም ያህል ነው።»

«መድኃኒት ነው መች አልሁ? ዓሣ አለ፣ ዱባ አለ፣ እንስላል አለ! ታዲያ በምን ምክንያት ነው ሁለት ሳምንት ሙሉ ድንች ስትውጪ የከረምሽው?» አሉና ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ።

ልጃቸው እንኳ የማያውቀውን ታሪክ ሔራን የሰማችው ያን ዕለት፣ ሽንኩርት ሲከትፉ እያየች ነው። መሪጌታ ከዐሥራ ስድስት ዓመታቸው እስከ ሃያ አራት ዓመታቸው ጣና ላይ፣ ሴት በማይገባበት ደሴት፣ ከትምህርታቸው ጎን የገዳሙን ድስት ያማስሉ ነበር። ሴት ከሌለች ያው ወንድ ይፈጫል፣ ወንድ ያቦካል፣ ወንድ ይጋግራል። አንዳንዶቹ አባቶች ቅባትም በርበሬም አይቀምሱም፤ ለእነሱ የሚሆነውን ጎመንና ዱባ የሚያጣፍጡት ከጓሮ በሚቆርጡት እንስላል ነበር። ወደ ዓለም ተመልሰው ሲያገቡ ግን ምድጃውን ለሚስታቸው ተዉ። ወንድ ልጅ ወጥ ይሠራል ተብሎ መሣቂያ መሆን አልፈለጉም።

«አርባ አራት ዓመት ሙሉ ሲያምረኝ ኖርሁ» አሏት፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። የሽንኩርቱ እንባ መሆኑ ነው።

ሔራን ብዙ ጥሩ ወጥ ሠሪ አይታለች፤ እንደ እሳቸው ያለ ግን አላየችም። ከአጥሩ ሥር እንደ አረም የበቀለውን እንስላል፣ አረቄ አውጪዎች ካልሆኑ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን፣ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻው ያውቁበታል። ወፍራሙንና ነጩን ግንድ ለሁለት ሰንጥቀው በጥቂት ዘይት ላይ ደፍተው እስኪወረዛ ይተዉታል፤ ያኔ የዱባ ያህል ይጣፍጣል። ጠንካራውን አገዳ ከድስቱ ሥር ይረበርቡና ዓሣውን እላዩ ያስተኙታል። ለስላሳው ቅጠል የዓሣው ሆድ ውስጥ ይገባል። ፍሬው በትንሹ ተቆልቶ በመዳፍ ይታሽና ከጨው ጋር ከላይ ይነሰነሳል። ከዚያ ይከደናል፤ መሪጌታም የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ውዳሴ ማርያሙ ሲያልቅ ዓሣው በስሏል። ሔራን አንድ ቀን በስልኳ ለካችው፤ በአንድ ደቂቃ እንኳ አልተዛነፈም።

የመጀመሪያውን ቀን ከሐይቁ ዳር ያመጡት ቆሮሶ ዓሣ ቤት ደርሶ እስኪበስል አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶ ነበር። አንገቷ ላይ ሁለት ሦስት ሽፍታ ወጣባት። መሪጌታ አዩት። በማግሥቱ የከሰል ምድጃቸውን፣ ድስታቸውንና አንድ እቅፍ እንስላል ባጃጅ ላይ ጭነው፣ እሷንም ኪዳነ ወልድንም ይዘው ድልድዩን ተሻገሩ። ጸሐይ ገና መውጣቷ ነው። መሪጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደ ጠመጠሙ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከሰላቸውን አራገቡ። ታንኳው ገና ጭቃውን ሳይነካ «ስንት ሰዓት ነው ያወጣኸው?» ብለው ጮኹ። ዓሣ አጥማጁ መጀመሪያ ቄስ ሊረግሙት የመጡ መስሎት ደነገጠ። ሲገባው በሳቅ ፈነዳ፤ ይኸው እስካሁን ለእሳቸው የሚሆነውን ቆሮሶ ከነሕይወቱ ነው የሚያመጣላቸው።

ያን ዕለት ሔራን ባሏና አማቿ ከበሉበት ትሪ በላች። መሪጌታ አጎረሷት፣ ኪዲ አጎረሳት፣ እሷም ሁለቱንም አጎረሰች። ዓሣው እጅ የሚያስቆረጥም ነበር። አንዲት ሽፍታ አልወጣባትም።

ወይዘሮ የብርጓል ከዱርቤቴ የመጡት በዚህ ሰሞን ነው። ያን ዕለት ወንድማቸውን ሲወቅሱ ቆይተው፣ ዓሣውን ቀምሰው፣ ሁለተኛ ጠየቁ።

አንድ ሳምንት እንዲህ በሰላም አለፈ። ነገር የተበላሸው በልደታ ነው።

በዋዜማው መሪጌታ ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ስለሚቆሙ የሔራን ቁርስ አሳሰባቸው። ጠዋት ሲመለሱ ቶሎ እንዲደርስላት ብለው ማታውኑ የጤፍ ዱቄት በውኃ ለወሱ፤ የታሸ የእንስላል ፍሬ ጨመሩበት፤ ከድነው ወደ ደብሩ ሄዱ። እርሾ ጠብ አላደረጉበትም። ያቦኩት ግን ከደሴቱ ሲወጡ አባቶች በመረቁላቸው የእንጨት ገበቴ ነው። የገዳም ገበቴ ውኃ ገብቶት አይታጠብም፤ ሊጡ በእጅ ይጠረግና ይደፋል፣ በቃ። የስንት ዓመት እርሾ በእንጨቱ ሥር ተቀምጦ እንደሚጠብቅ አላሰቡትም።

ጠዋት ቂጣውን ጋግረው ሲያወጡት መሪጌታ እንደ ልጅ ጮኹ።

«ሔራን! ነይ እይ! እርሾ ሳይነካው ዓይን አወጣ! አቤት የልደታ በረከት!»

ሔራን መጣች፣ አየችም። ቂጣው ላይ ጥቃቅን ዓይኖች ሞልተዋል። ጠጋ ስትል ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሸተታት። ይህን ነገር ለተማሪዎቿ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣለች ነው የምታስተምረው፤ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሁለት ሰከንድ አልፈጀባትም። ሊጡ ቦክቷል። ግን የመሪጌታን ፊት አየች። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው አድረው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ አፋቸው እስከ ጆሯቸው ተከፍቶ ይጠብቋታል። እንዲህ ያለ ሰው ፊት «ይቅርብኝ» እንዴት ይባላል? ይሉኝታ ያዛት። አንድ ቁራሽ ምን ታደርገኛለች አለችና ጎረሰች። አንዷ ቁራሽ ሦስት ሆነች።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ፊቷ ተነፋ፤ ጉሮሮዋ ጠበበ። ኪዳነ ወልድ ተሸክሟት ሐኪም ቤት ሮጠ። መርፌ ተወግታ ትንፋሿ ሲመለስ በተገረበበው በር በኩል መሪጌታን አየቻቸው፤ ጥምጥማቸውን ፈትተው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መተላለፊያው ላይ ተቀምጠዋል። ያለ ጥምጥም አይታቸው አታውቅም ነበር። አንጀቷን በሉት።

ቤት ከተመለሱ በኋላ ሁለት ቀን ወጥ ቤት አልገቡም። ገበቴውን ውጭ ግድግዳው ላይ አስደግፈውታል። ኪዳነ ወልድ ደግሞ ወሬ አይቋጥርምና ሐዋሳ ደውሎ ለእናቷ ነገራቸው። ወይዘሮ ወንጌላዊት ወዲያው ለሔራን ደወሉ። «ሻንጣሽን አዘጋጂ» ብቻ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ሔራን አማቿ ጓሮ ከተቀመጡበት ሄዳ አጠገባቸው ቆመች።

«አባባ፣ ምድጃው ለምን ጠፋ?»

«እጄ ሊገድልሽ ነበር እኮ፣ ልጄ። ያን ገበቴ አምኜ…» አሉና አቋረጡ። «ሂጂ ከእናትሽ ጋር። እኔ አረጀሁ።»

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ቦክቶ ነበር፤ ገና ሳየው አውቄያለሁ። አውቄ ነው የበላሁት።»

መሪጌታ ቀስ ብለው ዞሩ። «አውቀሽ?»

«ደስ ብሎዎት ስለነበር… እምቢ ማለት አቃተኝ።»

ይቅር ይሉኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። መሪጌታ ግን ተቆጡ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲቆጡ አላየቻቸውም።

«እኔን ደስ ይበለው ብለሽ ልትሞቺ! ከሞትሽ በኋላ በምን ደስ ሊለኝ ነው? እኔ ማለዳ እየተነሣሁ ሐይቅ ለሐይቅ የምዞረው አንቺ እንድትድኚ ነው ወይስ እኔ እንድመሰገን?» ድምፃቸው ጓሮውን ሞላው። ቆየት ብለው ቀዝቀዝ አሉ። «ስሚኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ነገም እሳሳታለሁ። አንቺ ካልሆንሽ የሚያርመኝ የለም። በእኔ እጅ መብላት ከፈለግሽ በእኔ ፊት እምቢ ማለት ልመጂ። ካልቻልሽ ግን እኔ ድስት አልጥድም፤ ከእናትሽ ጋር ትሄጃለሽ።»

«እሺ» አለች ሔራን። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ገበቴውን ለወይዘሮ የብርጓል ሰጧቸው። በምትኩ የብረት ሳህን ተገዛ፤ ከዚያ በኋላ ሊጡ የሚለወሰው በዚህ፣ ምጣዱ ከጋለ በኋላ ብቻ ሆነ። ሔራን ተመልሳ ዳነች። እናቷ ግን ስለ ሳህን የሚነገራቸውን የሚሰሙ ሴት አልነበሩም። በዕርገት ዋዜማ ቆጮና አቮካዶ ጭነው ከሐዋሳ መጡ፤ ሁለቱም ሔራን የማትቀምሳቸው ናቸው። የመመለሻውን ትኬት ለሁለት ሰው ቆርጠዋል። ያን ማታ ሔራን አቮካዶውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ስታስገባ ሳህን ላይ የተጠረጉ ሁለት ቆሮሶዎች አየች፤ ለእንግዳ የሚጠበስ መስሏት ዘጋችው።

የዕርገት ዕለት ቅዳሴው አልቆ መሪጌታ ሁለት መዘምራን አስከትለው ሲመጡ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ቢሆንም አልተቀመጡም፤ ቀጥታ ወጥ ቤት ገብተው ከማቀዝቀዣው ዓሣቸውን አወጡ፤ ልጃቸው ጠዋት ከታንኳ ገዝቶ ወዲያው በበረዶ ያመጣው መስሏቸው ነበር። እንስላሉን ረበረቡ፣ ከደኑ፣ ውዳሴ ማርያማቸውን ደገሙ። ከዚያ ትሪውን ራሳቸው ይዘው ገቡ።

ቤቱ ሞልቷል። ወይዘሮ የብርጓል ከዱርቤቴ ዶሮ ወጥ ይዘው መጥተዋል፤ መዘምራኑ አሉ፤ ወይዘሮ ወንጌላዊት ከልጃቸው አጠገብ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። መሪጌታ ሔራን በጋገረችው ትኩስ ቂጣ ዓሣውን አጥንቱን ለቅመው ጠቀለሉ፣ ከእንስላሉ ግንድ ደረቡበት፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ ልጄ። በመጀመሪያ አንቺ።»

ትሪው ላይ ያሉት ሁለት ዓሣዎች ናቸው። ሁለት፣ እነዚያው። ትናንት ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያየቻቸው ናቸው። ጉርሻው ከአፏ አንድ ስንዝር ርቆ ይጠብቃል። መዘምራኑ ያያሉ፣ እናቷ ያያሉ። የክብር እንግዳ ፊት የአማትን ጉርሻ መመለስ ፊታቸውን በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። ብትጎርሰው ደግሞ… አልጨረሰችውም።

«አባባ፣ ይሄ ዓሣ አድሯል» አለች። «አልበላም።»

«ኧረ በስመ አብ! ጉርሻ ይመለሳል?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። የመሪጌታ እጅ አልተነቃነቀም። ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ሄደ።

«መቼ ነው የገዛኸው?»

«ትናንት ማታ» አለ ኪዳነ ወልድ አንገቱን ደፍቶ። «ሌሊት መነሣቱ ከበደኝና… ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው ያደረው ብዬ ነው።»

መሪጌታ ጉርሻውን፣ በድንጋጤ ገና እንደ ተከፈተ በቀረው የእህታቸው አፍ ውስጥ አስቀመጡት። «ብይ እታለም፤ አንቺን አይጎዳሽም።» ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ብድግ አሉ።

«ወዴት ነው፣ የኔታ?» አለ አንደኛው መዘምር። «ከትናንት ጀምሮ እኮ አልቀመሱም!»

«እናንተ ብሉ፣ ተጫወቱ። እኔ ከልጄ ጋር ነው የምበላ። ሌሊቱን ያቆመኝ እግር ሐይቁ ዳር አያደርሰኝም?» አሉና ወደ ሔራን ዞሩ። ፊታቸው በርቷል። «ምድጃውን ያዢ። አኮራሽኝ።»

ሔራን እንባዋ መጣ፤ አላፈረችበትም። ምድጃውን ይዛ ወጣች፤ መሪጌታ ከአጥሩ ሥር እንስላል ሲቆርጡ ባጃጅ ጠራች። ሊሄዱ ሲሉ ወይዘሮ ወንጌላዊት ነጠላቸውን እያጣፉ ከቤት ወጡና ባጃጁ ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

የእኩለ ቀኑ ታንኳ እስኪመጣ ጥቂት ጠበቁ። መሪጌታ በረኀብ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ግን ከሰላቸውን እያራገቡ ያንጎራጉራሉ። ቆሮሶው ከነሕይወቱ መጣ፣ ተጠረገ። መሪጌታ አገዳውን መረብረብ ሲጀምሩ ወይዘሮ ወንጌላዊት እጅጌያቸውን ሰብስበው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ።

«ቅጠሉ ነው ሆዱ ውስጥ የሚገባው ወይስ ፍሬው?»

«ቅጠሉ» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲያ ቀስ ብለው ያሳዩኝ። ክረምት ላይ ለዕረፍት እኔ ዘንድ ስትመጣ ልጄ ጦም ልታድርብኝ ነው?»

ሔራን እናቷን አየች። እናቷ ቀና አላሉም፤ እንስላሉን እየበጠሱ ነው። መሪጌታ ቢላውን በእጀታው በኩል አዙረው ሰጧቸው፤ ድስቱን ከደኑና ውዳሴ ማርያማቸውን ጀመሩ።